ከአጥሩ ማዶ የሚቆም ሰው

ሙሊሳ ትሕትናን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገራት የውሻ ካካ ረግጦ ነው።

ኮሮና የገባ ዓመት፣ መስከረም ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ከሚባለው አውራ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ እሱ ታች፣ እሷ ፎቅ ላይ ተከራይተው ይኖራሉ። ሙሊሳ ፍሪድሊ የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው የሚሠራው፤ ለልብ ሕመምተኛ የሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚመረትበት ፋብሪካ። እዚያ አንዲት ፀጉር ከወደቀች ሥራው በሙሉ ይጣላል። ንጽሕና ለሙሊሳ ሥራው ብቻ አልነበረም፤ አመሉም ነው። ያን ቀን ጠዋት ታዲያ መኪናው ጋ ሊደርስ ሲል ጫማው ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ሽታው ሲመጣበት ቁርሱ ጉሮሮው ድረስ ተመለሰ።

«ኤጭ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ውይ ይቅርታ ወንድሜ! ላነሳው እየወረድኩ ነበር!»

ቀና ሲል፣ ደረጃው አናት ላይ ማስክ ያደረገች ሴት ቡናማ ቡችላ ታቅፋ ቆማለች። ከፊቷ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ሊቆጣት የነበረው ሰውዬ ጫማውን ሣሩ ላይ መጥረግ ጀመረ።

«ቆሎ ትባላለች» አለች፣ እንደ ማስታረቂያ። «ወንድሜ... አንድ ነገር ላስቸግርህ? የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ ምን አለኝ መሰለህ? አራት ወር ሳይሞላት ብዙ ዓይነት ሰው ካላየች ስታድግ ፈሪ፣ ተናካሽ ትሆናለች። እኔ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ቤቴ ሰው አይገባም፣ እኔም ሰው ቤት አልሄድም።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ከግቢው አጥር ማዶ ቁምላት። አትነካትም። ባርኔጣ አድርግ፣ ጃንጥላ ዘርጋ... ብቻ ትይህ!»

ሙሊሳ ውሻ ሲያይ ከልጅነቱ ጀምሮ ይቀፈዋል። እምቢ ሊል ነበር።

«ከአጥሩ ካላለፈች እሺ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ ይቆማል። አንድ ቀን በባርኔጣ፣ አንድ ቀን በጥቁር መነጽር፣ አንድ ቀን እንደ ሽማግሌ መጥረጊያ ተመርኩዞ እያነከሰ። ጓንት አጥልቆ የተቀቀለ ዶሮ ይወረውርላታል። ቆሎ መቀመጫዋን ትልሳለች፣ በዚያው ምላስ የትሕትናን ጉንጭ ትልሳለች። አንዴማ የጣለችውን ካካ ራሷ ዞራ በላችው።

«አየሽ? የበላችውን አየሽ?»

ትሕትና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ልጅ ናት፣ ትተዋለች!»

ያስጠላል፣ ያንገሸግሻል! ግን ሙሊሳ አሥር ሰዓት እንዳያልፍበት ከፍሪድሊ እየከነፈ መምጣት ጀምሯል።

«ለምን ግን ውሻ?» አላት አንድ ቀን።

የቆሎን ጆሮ እያሻሸች መለሰች። «በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ አረጋውያን ሞቱብን። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው ሰዎች ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። አንዷ ጓደኛዬ የሰጠኋትን ዕቃ በሶፍት ይዛ ተቀበለችኝ። ሰው ሁሉ ሲጸየፈኝ... ይቺ ላሰችኝ።»

በሳምንቱ ቆሎ የደረጃውን መደገፊያ ከላይ እስከ ታች በለሃጭ አዝረከረከችው። ትሕትና ሳታይ ተደግፋ ወጣች። ሙሊሳ በረኪናና ጨርቅ ይዞ፣ ፊቱን አጨማዶ ሲፈትግ፣ የረሳችውን የቆሎን ማሰሪያ ልትወስድ ተመለሰች። እጇ የነካውን ቦታ ሲያጥብ አየችው።

«እኔን ተጸይፈህ ነው?»

«አይ፣ እኔ...» ጨርቁን ከኋላው ደበቀ።

«አንተም!» አለች። በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ባርኔጣውን አድርጎ ቆመ። ማንም አልመጣም። መልእክት ላከ፣ መልስ የለም። ከዚያ በኋላ የቀፈፈው የገዛ እጁ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ቆሎ ፎቅ ላይ ስታላዝን ዋለች። ደወለ። የሰማው ድምፅ የትሕትና አይመስልም።

«ያዘኝ... መነሳት አልቻልኩም። ቆሎ ከትናንት ጀምሮ አልወጣችም።»

«በሩን ክፈቺና ልቀቂያት።»

«አንተ? አንተ ትይዛታለህ?»

«ልቀቂያት አልኩሽ!»

በመጀመሪያው ቀን ቆሎ ትራሱ ላይ አስመለሰች። ትንፋሹን ይዞ፣ እንባው እየወረደ ጠረገው። ያም ሆኖ በየቀኑ ታቅፏት ይወጣል። ራቅ ብሎ ይቆምና በመንገዱ የሚያልፈውን ባቡር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰውዬ፣ ሂጃብ የለበሱትን ሴቶች ያሳያታል። ሲመለስ ከትሕትና መስኮት ሥር ቆሞ ይደውላል።

«ዛሬ ፖስተኛውን አይታ አልጮኸችም። ከዚያ የሞተ ወፍ ጎረሰች። ከአፏ ያወጣሁት በጣቴ ነው... በጣቴ!»

ትሕትና እስክታስል ሳቀች።

ሾርባ በሯ ላይ ያስቀምጣል። የተናፈጠችበት ሶፍት የሞላበትን ከረጢት ተሸክሞ ይወርዳል። አንድ ቀን በመስኮት አየችውና ደወለች።

«ሙሊሳ... ያን እንዴት ነካኸው? አትጸየፍም?»

«ያን ቀን የፈተግኩት የቆሎን ለሃጭ ነው። አንቺን አይደለም። አንቺንማ አንድም ቀን...»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

«ያለችሽ እሷ ብቻ ናት። እሷን እጸየፋለሁ ለማለት አፈርኩ።»

«እኔም ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ» አለች።

ድና የወረደች ዕለት ማስክ አላደረገችም። ሙሊሳ ግማሽ ፊቷን አይቶት አያውቅም። ፍንጭት ናት! ቆሎ እንደ ጥይት ተወርውራ ደረሰችባት፤ ከንፈሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን ላሰቻት። ትሕትናም እያለቀሰች አፏን ሳመቻት።

«ቆሎ ሰው አትፈራም» አላት ሙሊሳ። «እኔ ግን አሁን ፈራሁ። እወድሻለሁ ልልሽ ነው።»

ትሕትና በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። ሲጠጋት አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ቆይ! አሁን እኮ ልሳኛለች! ልታጠብ...»

ሙሊሳ ያን ወፍ አስታወሰ። እጇን ቀስ ብሎ አወረደው፣ ዓይኑን ጨፈነና ሳማት።

«ምን ምን ይላል?» አለችው እየሳቀች።

«ውሻ ውሻ!» አላት። ደግሞ ሳማት።

በዓመቱ ሐምሌ ላይ ተጋቡ።