መልሱ የማን ነው

ፕሮግራሙ አሥራ ሰባተኛው ተማሪ ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። ሚጢጢ ቁልፉን ደጋግማ ብትጫነውም ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም።

«እንደገና ሞተ?» አለች ሎጋ ብስኩቷን እያኘከች።

«አልሞተም። እየጠበቀ ነው።»

«ምኑን?»

«መልሱን።»

ሎጋ ቅጽል ስሟን ያገኘችው ከቁመቷ ነው። ሚጢጢም ከቁመቷ ነው፣ ከማነሱ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ የኮምፒውተር ክበብ ውስጥም የገቡት አብረው ነው። የክበቡ መምህር በዚያ ሰሞን ለሁለቱ ትልቅ ሥራ ሰጥተዋቸው ነበር። የክፍል ማሻገሪያው ፈተና ውጤት ያለው በከተማው ፈተና ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተፈታኞች አሉት። በየዓመቱ ጸሐፊዋ የእያንዳንዱን ተማሪ ቁጥር እያስገባች፣ ነጥቡን በእጇ እየገለበጠች ሳምንት ይፈጅባት ነበር። መምህሩ ይህን በራሱ የሚጠይቅና በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ሥሩልኝ አሏቸው። የዘንድሮው ውጤት እስኪለቀቅ የሚሞክሩት ባለፈው ዓመት ተማሪዎች ቁጥር ነበር።

ሚጢጢ መጀመሪያ የጻፈችው ፕሮግራም ሥራውን ያውቃል። የአንዱን ተማሪ ቁጥር ወደ ቢሮው ይልካል፤ መልሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሲመጣለት ይጽፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ችግሩ የአንዱ መልስ ከዘገየ የቀሩት ሁሉ አብረው መቆማቸው ነው። መምህሩ ይህን «ብሎኪንግ» ይሉታል። ሎጋ «ግግም ማለት» ትለዋለች።

መፍትሔው የመጣላት ከእናቷ ነው። እናቷ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ናት፤ ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ትጠብቃታለች። ያን ዕለት ደብተሯን ትታ እናቷን ስታይ ዋለች። እናቷ የአንዱን ጠረጴዛ ትእዛዝ ለወጥ ቤት ሰጥታ እዚያው በሩ ላይ አትገተርም። ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ትሄዳለች፤ ወጥ ቤቱ ደወል ሲያሰማ ተመልሳ የደረሰውን ታነሳለች። ጠረጴዛው አሥራ ሁለት፣ ሴትየዋ አንድ፤ ግን ቆሞ የሚጠብቅ እግር የላትም።

ሚጢጢ ፕሮግራሙን እንዲህ አድርጋ እንደገና ልትጽፈው ተነሳች፤ ሁሉንም ጥያቄ አከታትሎ እንዲልክ፣ ማንንም ቆሞ እንዳይጠብቅ፣ መልስ ሲመጣለት ብቻ ዞር ብሎ እንዲቀበል። ለማውራት ቀላል ነው። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንዱን ስትጠግን ሌላው እየፈረሰባት ተሟገተችው። ሎጋ አጠገቧ ተቀምጣ የክፍሉን ወሬ ስትነግራት፣ አንዳንዴም ጀርባዋን ስታሽላት ነበር። በሦስተኛው ቀን በአሥር ተማሪዎች ቁጥር ሞከሩት። ሚጢጢ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ አሥሩም ነጥብ ተደርድሮ ወጣ። ሎጋ ከወንበሯ አንስታ አቀፈቻት።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ሚጢጢ ጥርሷን ልትታይ ሐኪም ቤት ሄዳ አርፍዳ ደረሰች። ሰልፉ ገና አልተበተነም። ርዕሰ መምህሩ መድረኩ ላይ ቆመው ስለ አዲሱ ፕሮግራም ይናገራሉ፤ ሎጋ አጠገባቸው ቆማለች። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ በሚላክበት የዕረፍት ጊዜ ሥልጠና ትምህርት ቤቱን የምትወክለው እሷ እንደሆነች ተናገሩ። ማይኩን ሲሰጧት የዚያ ቆሞ ያለመጠበቅ የእንግሊዝኛ ስም፣ «አሲንክሮነስ» የሚለው ቃል፣ ሁለት ጊዜ አደናቀፋት፤ በሦስተኛው ተሳካላትና ተማሪው አጨበጨበ። ሚጢጢ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ግማሽ ፊቷ በማደንዘዣው እንደደነዘዘ፣ ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች። ሰልፉ ተበተነ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስትይዛት ሎጋ አልካደችም።

«አንቺ እኮ ሰው ፊት አፍሽ ይያያዛል» አለች። «ቲቸር ጠዋት መጥቶ አየው፤ ማን ሠራው አለኝ፤ አፌ እኔ አለ። ከወጣ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

«አሁን መመለስ ትችያለሽ።»

«ኧረ ባክሽ ፈታ በይ። እኔ ሄድኩ አንቺ ሄድሽ ምን ለውጥ አለው? ጓደኛሞች አይደለን እንዴ?»

ሚጢጢ ትታት ወደ ክፍል ገባችና ደብተሯን ሰብስባ መጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ለመምህሩ ልንገራቸው ብላ ሁለት ጊዜ የአስተማሪዎች ክፍል በር ድረስ ሄዳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀንታ ነው የሚሏት መሰላትና ተመለሰች።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ውጤቱ በቢሮው ተለቀቀ። መምህራኑ ከበው እያዩ ሎጋ ቁልፉን ተጫነች፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ ወጣ። ወረቀቱ ታትሞ፣ የመምህሩ ፊርማ አርፎበት፣ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሚጢጢ ሰባ አንድ አምጥታለች።

ከሚጢጢ ፊት የምትቀመጠው የልብስ ሰፊው ልጅ ግን አርባ ሦስት ይላል። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ልጅቷ ጣቷን ከስሟ ጀምራ እስከ ነጥቧ ድረስ በመስመሩ ላይ ሳበች፤ ደግማ ሳበች። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንግታ በትምህርት ሰዓት በዋናው በር ወጣች። አባቷ፣ ካላለፍሽ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ትቀመጫለሽ ማለታቸውን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። በስም ዝርዝሩ ከእሷ ቀጥሎ ያለው፣ ዓመቱን በእንቅልፍ ያሳለፈውና ለዚሁም «እንቅልፎ» የተባለው ልጅ ደግሞ ሰማንያ ስምንት አምጥቷል። እሱም ራሱ ገርሞት ይስቅ ነበር።

ማክሰኞ ያ ወንበር ባዶ ነበር። ሚጢጢ ዓይኗን ከዚያ ላይ መንቀል አቃታት። ያች ልጅ እኮ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የተሳሳቱትን ቁጥር ከመቀመጫዋ ሆና የምታርም ናት። ለሚጢጢም ከፈተናው በፊት በየዕረፍቱ ሒሳብ ያስረዳቻት እሷው ነበረች፤ አልገባኝም ስትላት ሳትሰለች ከመጀመሪያው እየጀመረች። አርባ ሦስት እንዴት ሊሆን ይችላል?

ከሰዓት የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ ይዛ ገባችና የጻፈችውን ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። መሐል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የቢሮው መልስ ነጥብ ብቻ እንጂ ስም ይዞ አይመጣም። እሷ ደግሞ መልስ በመጣ ቁጥር ቀጥሎ ባለው ባዶ መስመር ላይ ይጻፍ ብላ ነበር ያዘዘችው። በአሥር ተማሪ ሲሞከር መልሶቹ እንደተላኩት ተከታትለው ስለመጡ ነገሩ አልታወቀም። ሰኞ ግን ቢሮው ከየትምህርት ቤቱ በሚጎርፍ ጥያቄ ተጨናንቆ ነበር፤ አንዱ መልስ ሲዘገይ ከኋላው ያለው ቀድሞት የሰው መስመር ላይ ተቀምጧል። እናቷ በየትእዛዙ ወረቀት ላይ የጠረጴዛውን ቁጥር ትጽፋለች። ሚጢጢ ያን ሁሉ ሰዓት ስታያት ይህችን አላየችም ነበር።

ያንን ዘገምተኛ ፕሮግራም ከፍታ ሁለት ቁጥር ብቻ አስገባች። የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ሰማንያ ስምንት። እንቅልፎ፣ አርባ ሦስት።

መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ነው። ከፍርሃቱ ቀጥሎ የመጣውን ግን ለራሷም ማመን አፈረች፤ ደስ አላት። ይህ ፕሮግራም የማን ነው? ትምህርት ቤቱ በሙሉ በማይክ ሰምቷል፤ የሎጋ ነው። ዛሬ ነገ አንድ ሰው ነጥቡን ይጠራጠራል፤ ያኔ መድረክ ላይ የቆመችው ትጠየቃለች። ሚጢጢ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ፣ በሩን ቆልፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ረቡዕ ሎጋ ግቢው መሐል ቆማ ከልጆች ጋር ስትስቅ አየቻትና በሆዷ፣ ሳቂ፣ ሳቂ አለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ ነገሩን እንዲያፈነዳው ጠበቀች። ማንም አልመጣም። እንቅልፎ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። ከፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ወንበሩን ላለማየት መስኮቱን፣ መስኮቱን ላለማየት ደብተሯን እያየች ዋለች። ማታ ምሳ ዕቃዋ እንዳለ ሲመለስ እናቷ ምን ነካሽ አለቻት፤ ጥርሴን አመመኝ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሎጋን የውሃ ቧንቧው ጋ አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት። ሎጋ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያውቃል አለች። ሥልጠናው እስኪያልፍ ትንሽ እንታገስ አለች። ሚጢጢ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሦስተኛ ቀኗ ነው ስትላት ግን የሚንጠባጠበውን ውሃ አየች።

«እንግዲያውስ ያንቺ መሆኑን ንገሪያቸው» አለች በመጨረሻ። «እውነትም እኮ ያንቺ ነው። እኔ አንድ መስመር አልጻፍኩም።»

ሚጢጢ ይህን ቃል ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ስትመኘው ነበር። ሎጋ ሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ስትላት፣ በክፍል፣ በሰልፍ፣ በመድረክ፣ በሐሳቧ ሰምታዋለች። አሁን ስትሰማው አፏ መረራት።

«ሲያምር ያንቺ፣ ሲበላሽ የኔ?»

ሎጋ ቧንቧውን አጥብቃ ዘግታ ሄደች።

ሚጢጢ የአስተማሪዎች ክፍል ገባች። አፏ እንዳይያያዝ ከውጭ ሆና ያዘጋጀችውን ዓረፍተ ነገር ጀመረች። «ቲቸር፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩዋት። ከሎጋ ጋር መጣላቷን ሰምተው ኖሮ መጀመሪያ ነገሩ የቅናት መሰላቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ስታሳያቸው ግን ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ስህተቱን መቼ እንዳየችው ጠየቋት፤ ዛሬ ጠዋት አለች። እያንዳንዱን መልስ ከተላከለት የተማሪ ቁጥር ጋር አያይዘው እንደገና ሲጠይቁ የሃያ ስድስት ተማሪዎች ነጥብ ተለወጠ። መምህሩ ፊርማቸውን እያዩ፣ ሳላጣራ ፈረምኩ፣ አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሳቸው።

ከቀትር በፊት «የታረመ» የሚል አዲስ ወረቀት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ለምን እንደታረመ አይልም። የሥልጠናው ስም ተልኳል፣ አሁን አይለወጥም አሏት መምህሩ፤ ሲናገሩ ዓይን ዓይኗን አላዩም። እስከሚቀጥለው መንፈቅ ድረስም የኮምፒውተሩ ክፍል ቁልፍ እሳቸው ጋ ቢቆይ ይሻላል አሉ። ሚጢጢ ቁልፉን ከማንጠልጠያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። ለልብስ ሰፊው ሊደውሉ ስልካቸውን ሲያነሱ፣ የታረመውን ወረቀት ግልባጭ እኔ ላድርስላቸው ብላ ለመነቻቸው።

የስፌት ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተሰካ ክር። የልብስ ሰፊው ልጅ ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀምጣ የትራስ ጨርቅ ጠርዝ ትሰፋለች። ሚጢጢን ስታይ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

አባትየው ወረቀቱን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን አነበቡት። ሰማንያ ስምንት የሚለው ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዞር ብለው የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን አዩ። የትምህርት ቤቱ ጉርድ ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ታጥፎ ተሰፍቶ፣ ርዝመቱ ተቆርጦ፣ ለስድስት ዓመት ልጅ እንዲሆን ጠቧል።

«ለታናሿ ብዬ ትናንት ነው የቆረጥኩት» አሉ። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ካለው የጨርቅ ክምር ውስጥ ያንን ቀለም መፈለግ ጀመሩ።

ሚጢጢ በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ለልጅቷ ነገረቻት፤ ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ መሆኗን፣ መልሶቹ እንዴት እንደተቀያየሩ። ይቅርታ አለቻት። ልጅቷ ሰማቻት፤ ሒሳቡ የማይገጥም ሲመስላት እንደምታደርገው ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

ዛሬ ማለት ይቻል ነበር። መምህሩ ያንኑ ሰምተው አምነዋል፤ ሎጋን ማንም አይጠይቃትም፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። አባትየው አንድ ብጣሽ አንስተው ከቀሚሱ አጠገብ አስተያዩት። ቀለሙ አልገጠመም፤ መልሰው ጣሉት።

«ማክሰኞ» አለች ሚጢጢ። «ማክሰኞ ከሰዓት ነው ያወቅሁት።»