ቢጫው መብራት

በላይኛው አዋሽ ከተማ ችሎት ቅጣት የሚያሰላው «ቀማሪ» የሚባል መሣሪያ ነው። ተከሳሽ የተያዘበትን ዕፅ ክብደት ሲነግሩት ዓመቱን ያወጣል፤ ዳኛዋ ያነባሉ። ከግማሽ ኪሎ ካለፈ መነሻው ዐሥር ዓመት ነው። ሰውየው ይሽጠው፣ ለበሽተኛ ይያዘው፣ ቀማሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሰዉም ለምዶታል።

የቀማሪው ጠጋኝ ይርጋ ነው። መሣሪያው አንዳንዴ ቢጫ መብራት አብርቶ ይቆማል። ለይርጋ ሥራውን ያስረከበው ሰው «ቢጫ ከበራ አጥፍተህ አብራ» ብሎት ሄዷል፤ እሱም ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ሲያደርግ ኖረ። ቁልፉን ይጫናል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ዐሥር ዓመቱ ይወጣል።

ዛሬ ግን ቁልፉ እምቢ አለ።

«ገና ነው?» አሉ ዳኛ ወይንሸት።

«ቁልፉ ከመጫን ብዛት አልቋል መሰለኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

«የኛ ነገር መቼ ሞልቶ ያውቃል! የተሻሻለው ሕግ መቼ ይደርሰናል ብዬ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ ‹በሂደት ላይ ነው› ብቻ።»

ተከሳሿ ዘርትሁን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ባሏ ፋብሪካ ውስጥ ተቃጥሎ ነርቩ ተጎድቷል፤ ሕመሙን የሚያስታግስለት የዚያ የተከለከለ ቅጠል ውሃ ብቻ ነው። አምና ቅጠሉን ሊያመጣለት የሄደው ወንድሟ ተይዞ እዚሁ ችሎት ዐሥር ዓመት ተፈረደበት። ዘንድሮ ራሷ ሄደች። ስድስት መቶ ግራም ተገኘባት።

ይርጋ እየተነጫነጨ ክዳኑን ፈታና የእጅ ማንበቢያውን ሰካ። ጽሑፉን ሁለቴ አነበበው።

«ክብርት ዳኛ፣ ብልሽት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ነው። ‹ተከሳሿ በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰችም። በተሻሻለው ሕግ ከመነሻው በታች መውረድ ይቻላል። ዳኛ ይወስኑ› ይላል። ሕጉ መሣሪያው ውስጥ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። ጥያቄው በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ በሚተከል ስክሪን እንዲታይ ነበር የታሰበው። ስክሪኑን ማንም አልተከለውም።»

«አጥፍተህ ስታበራውስ?»

«ጥያቄውን ሰርዞ ወደ ድሮው ስሌት ይመለሳል።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ዘርትሁን ዞረው፣ በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጡባቸው ዓመታት ለማንም ያላቀረቡትን ጥያቄ አቀረቡ።

«ለማን ነበር የያዝሽው፣ ልጄ?»

ነገረቻቸው። ሰሟትና በማስጠንቀቂያ አሰናበቷት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ይርጋ መሣሪያዎቹን እየሰበሰበ ሳለ ዘርትሁን አጠገቡ መጥታ ቆመች። የምታመሰግነው መስሎት ነበር፤ እሷ ግን ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር አልወደደችውም።

«ወንድሜ» አለችው፣ «አምና ወንድሜ የተፈረደበት ቀንም ቢጫው በርቶ ነበር?»

ሰበብ ፈለገ። ሕጉን፣ ስክሪኑን፣ ሥራውን ያስረከበውን ሰው አሰበ። አውራ ጣቱ ላይ ቁልፉን ከመጫን ብዛት የወጣው መጅ ጠንክሯል።

«በርቶ ነበር» አላት።