ያልታረፉ እሑዶች

በዚያ ክረምት ደጋ የጣለው ዝናብ የቆላውን መንገድ ቆረጠው። ካሚዮን ከአሰብ መውጣት አቃተው። መርከብ ግን መምጣቱን አልተወም። ስንዴው በመጋዘን ተከመረ፣ ጆንያው በሙቀትና በክብደት ተተረተረ። ጆንያ ሰፊዎቹ ሴቶች ከጠዋት እስከ ምሽት በመርፌና በሲባጎ ሲታገሉ እሑድ የሚባል ቀን ቀረ።

ማን አምሽቶ እንደሚሠራ የሚወስነው ሰዓት ተቆጣጣሪው ውብሸት ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ አንደበቱ አጭር። ከሰፊዎቹ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ጥላነሽን ነው። ሌሎቹ በተራ ሲያመሹ እሷ ተራ የላትም። ሴቶቹም የሰውየውን ግመል ሰርቀሻል ወይ እያሉ ይስቁባት ነበር።

ጥላነሽ ቂም የያዘባት መሰላት። ሥራ የገባች ዕለት በሰፊ ባርኔጣው ስቃ ነበርና።

ወንድሟ ሣህሉ የካሚዮን ሾፌር ነው። ገና ያልተከፈተው መንገድ ሲከፈት ኮምቦልቻ እናታቸው ቤት ሊወስዳት ተስማሙ። ይህን ለውብሸት ስትነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለችው። «ምን በድዬዎት ነው በየማታው የሚያስቀሩኝ?»

ውብሸት ባሕሩን አየ። በመጨረሻ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አልበደልሽኝም። አንቺ ስታመሺ እኔም ስለማመሽ ነው።»

ጥላነሽ ነገሩ ሲገባት ሳቋ አመለጣት።

«ሰው የወደዳትን ሴት ጆንያ ያሰፋል?»

«ሻይ እንጠጣ ብልሽ እምቢ እንዳትይኝ ፈርቼ።»

«እምቢ ማለት የማልችለውን መረጡልኛ።»

ይህ ንግግሯ ወጋው። ሕጉን ያውቃል፤ ሠራተኛ ከልኩ በላይ አያመሽም፣ ሳያርፍ የዋለበት ቀን በሌላ ቀን ይተካለታል። ያውቃል እንጂ አላደረገውም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ እሑድ እንዲዘጋ፣ ሰፊም እንዲጨመር ጠየቀ። ሰውየው ስለ መርከቡ ጮኸበት። ውብሸት ግን የመንግሥት ተቆጣጣሪ ቢመጣ አልዋሽልዎትም ብሎ ቁጭ አለ። ሥራ አስኪያጁ እያጉረመረመ ተጨማሪ ሰፊዎች ቀጠረ። እሑድ መጋዘኑ ተዘጋ። አዲሶቹ ሥራ እስኪለምዱ ድረስ የጎደለውን ውብሸት ራሱ ማታ ማታ ይሰፋ ጀመር። መርፌው ከጆንያው ይልቅ ጣቱን ይወጋ ነበር።

ጥላነሽ በሰዓቷ ወጣች። ቤቷ ግን አልሄደችም። ተመልሳ አጠገቡ በርጩማ ሳበች።

«ሂጂ እንጂ፣ ሰዓትሽ አልፏል» አላት።

«ሥራ አልያዝኩም። ማንም ሳያዘኝ ነው የማመሸው። አንተ ስፋ።»

«አንተ» ማለቷን ሲሰማ ጣቱን እንደገና ወጋ።

መንገዱ ተከፍቶ ሣህሉ ሊወስዳት ሲመጣ፣ ሽማግሌ እንደሚላክ ለእማዬ ንገራት ብላ ብቻውን ሸኘችው። እሱም እየሳቀ ካሚዮኑን አስነሣ።

ክረምቱ የበላቸው እሑዶች ለሌሎቹ ሴቶች በየተራ ተተኩላቸው። ጥላነሽ ግን የኔ ይቆይ ብላ እምቢ አለች። ዕዳው በኩባንያው ላይ ከረመ። በጥር፣ ለሠርጓ፣ ሁሉም በዕረፍት ቀን ባንድ ላይ ተከፈላት። በመጨረሻዋ የዕረፍት ቀን ሙሽሮቹ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ አናት እስክትደርስ ተኙ። የቀሰቀሳቸውም የለም።