ቁልፉ ጋሼ ፒንሳ ኪስ ውስጥ ነበር

ይህን የምጽፈው ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል ነው። የሚያምነኝ ይመነኝ፣ የማያምነኝም መብቱ ነው... እኔ ግን ካየሁት ላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ቀኑ ሐሙስ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው የገዛ ግቢያችን።

ጨለማ የለም። ዝናብ የለም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ጎረቤታችን ልብስ ታሰጣለች።

የእናቴ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ዓመት አልፎታል። ማክሰኞና ሐሙስ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ሆስፒታሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተራዋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።

ማክሰኞ ቀርታለች። ፒክአፑ አልነሳም ብሎ።

ሐኪሙ በስልክ "ሐሙስንም ከቀረች ለእኔ አትደውልልኝ" አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

ፒክአፑ የታላቅ ወንድሜ ነው። ናፍጣ፣ አውቶማቲክ። ወንድሜ ከሁለት ወር በፊት እዚሁ በራችን ላይ፣ መሪ እንደያዘ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ፣ እግሩ ፍሬን ላይ ነበር። እስኪያወርዱት ድረስ የኋላ መብራቱ ቀይ እንደሆነ ቆየ።

በደህናው ጊዜ ሦስታችን ስንሄድ እሱ ይነዳል፣ እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በግራ በኩል። ከግቢ ሲወጣ ክላክሱን ሁለቴ ነካ ያደርጋል። ጢጥ ጢጥ። ሁልጊዜ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ጋራዥ ነው የገባሁት። አለቃዬን ሁሉም ጋሼ ፒንሳ ይሏቸዋል። እውነተኛ ስማቸውን እኔም አላውቀውም። አንድ ነገር አስተምረውኛል፦ "አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚል መኪና በግምት አይጠገንም። ጻፍ!"

ስለዚህ ከማክሰኞ ጀምሮ ጻፍኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማርሹ የት እንደነበር፣ መኪናው ውስጥ ማን እንደነበር።

ባትሪውን ለካሁ፤ ሙሉ ነው። ጫፎቹን ፋቅኩ። የማስነሻውን ሪሌ በክላክሱ ሪሌ ቀየርኩ። ማርሹን ከመቆሚያው ከፒ ወደ ባዶው ኤን አወጣሁ፣ መለስኩ። ለውጥ የለም። አንዴ ወዲያው ይነሳል። ሌላ ጊዜ ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራት ይበራና... ጸጥ።

ሐሙስ ጋሼ ፒንሳ ራሳቸው ቤት ድረስ መጡ።

"አንዴ የሚነሳ አንዴ የሚተኛ መኪና ከአማት ይከፋል" አሉ ኮፈኑን እየከፈቱ። "ካምቢዮው ላይ ያለችው ስዊች ትሆናለች። ማርሹ ፒ ወይ ኤን ላይ መሆኑን ካላወቀች ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አታስነካም።"

ደብተሬን ሰጠኋቸው። አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ፈገግታቸው ጠፋ።

"ይህን አይተኸዋል?"

"ምኑን ጋሼ?"

ግሪስ በጠጣ ጣታቸው የመጨረሻውን ረድፍ አሳዩኝ።

"እኔ ብቻ" ያልኩበት ሁሉ... ተነሳ። "እማዬ አለች" ያልኩበት ሁሉ... እምቢ። አንድ እንኳ የሳተ የለም።

"መኪና እናት አይለይም" አሉ። "ክብደት ሲያርፍበት የሚላቀቅ ሽቦ ይኖራል። እሳቸውን አስገባቸውና እንሞክረው።"

ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም።

እናቴን ደግፌ ከፊት አስቀመጥኳት። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላትም። ቀበቶዋን አሰርኩላት።

"ወንበሩን ማን ወደ ኋላ ሳበው?" አለችኝ።

የሹፌሩን ወንበር አየሁ። እኔ አጭር ነኝ፤ ጠዋት እስከ መሪው ድረስ አስጠግቼው ነበር። አሁን መጨረሻው ድረስ ወደ ኋላ ሄዷል።

"ጋሼ ይሆናሉ" አልኳት።

ጋሼ ፒንሳ ከእኔም ያጥራሉ።

ጋሼን መሪው ጋ ትቼ፣ መሞከሪያ መብራቴን ሞተሪኖው ላይ ልሰካ ከስር ገባሁ። ጋራዣችን ሕግ አለው። ከስር ያለው "ምታ!" ይላል፤ ለትልቅም ለትንሽም ያው ነው። መሪ ላይ ያለው "መታሁ!" ብሎ ሳይመልስ ቁልፍ አያዞርም። ጋሼ ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ ሰው ከስር እያለ ከመኪናው ራቅ ካሉ፣ ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ።

"ምታ!" አልኩ።



ከላይ የእናቴ ሹክሹክታ ተሰማኝ።

"ቆይ... ልጁ ከስር ነው..."

ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ "እሺ ልጄ... እሺ። ዛሬ እሄዳለሁ።"

ከጋሼ ጋር ነው የምታወራው አልኩ። ግን ጋሼን "ልጄ" ብላቸው አታውቅም።

"ምታ!"

"መታሁ።"

ዝቅ ያለ ድምፅ። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ድምፅ።

ሞተሪኖው ዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ከኋላ ያለው ጥላማ ግድግዳ ቀይ ሆነ፤ ፍሬን ተረግጧል።

እጄ ላይ ያለችው መሞከሪያ ግን አልበራችም። ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ነው የዞረው።

ያኔ አላሰብኩበትም። ደስታ አሰክሮኝ ነበር። "አያጥፉት ጋሼ! እንዳያጠፉት!" እያልኩ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ወጣሁ።

ጋሼ ፒንሳ ከሞተር ሳይክላቸው ላይ ስዊች አምጥተው ከውጭ እየገቡ ነበር።

በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ቀስ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ... ቁልፉን አወጡ።

"ማን አስነሳው?" አሉ።

የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። የፍሬኑ ፔዳል ወለል ድረስ ገብቷል።

እያየነው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"እናትህን አውርዳቸው" ሹክ አሉኝ። "አሁኑኑ!"

"ከዚያስ በምን ልውሰዳት?"

አምቡላንስ ከማክሰኞ ጀምሮ ለምኛለሁ። ታክሲዎቹ የእኛን መንገድ ሲሰሙ ስልክ ይዘጋሉ። የጋሼ ሞተር ሳይክል ላይ መቀመጥ አትችልም። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

ጋሼ አንዴ እናቴን፣ አንዴ እኔን አዩ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ።

ወንበሩ ወደ ፊት አልሳብ አለኝ። በእግሬ ጣቶች ፔዳል እየነካሁ ነዳሁ። ከግቢ ስንወጣ... ጢጥ ጢጥ።

ክላክሱን አልነካሁም።

መንገድ ላይ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

"ማክሰኞም መጥቶ ነበር እኮ።"

"ማን እማዬ?"

"ታላቅህ ነዋ። ነይ ሲለኝ እምቢ አልኩት፤ አንተን ለማን ትቼ? አኮረፈኝ። እልኸኛነቱን ታውቅ የለ።"

መሪውን አንቄ ያዝኩት። "ይልቅ አታውሪ፣ ትደክሚያለሽ" አልኳት። ልመልሳት ብል ትሞታለች። ልቀጥል ብል...

ቀጠልኩ።

አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ጉዳይ ደረስን። ቀበቶዋን በገዛ እጄ ፈታሁት። ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አስገባቻት። እናቴ ዞራ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሞተሩን ላጠፋ ተመለስኩ። ማርሹን ፒ ላይ አደረግሁ። ቁልፉን አዞርኩ። ነቀልኩት።

አልጠፋም።

ቁልፉን ጨብጬ ወረድኩ። በሩን ዘጋሁት። ሞተሩ እንደ ተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል።

የሆስፒታሉ በር ተከፈተ። ነርሷ ወጣች። ጓንቷን እያወለቀች ነው። አየችኝና ቆመች። ራሷን በሐዘን ነቀነቀች።

ከኋላዬ... ቀጭ።

ዞርኩ።

የፈታሁት የእናቴ ቀበቶ ታስሯል። ወንበሩ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። ማርሹ ከፒ ወርዶ መሄጃው ዲ ላይ ነው። ፒክአፑ ግን አይንቀሳቀስም... የፍሬኑ መብራት ቀይ ነው።

እየጠበቁ ነው።

ከዚያ የኋላው በር፣ በግራ በኩል ያለው የእኔው፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ።