ለሁለት ልጅ የሚሆን ጋሪ

ሮቤ ላይ የሕፃን ጋሪ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና እናውራ። እኔ ገፍቻለሁ። ባለፈው ጥር፣ ባለቤቴ ባዳሳ በቴሌግራም አይቶ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ባስጫነው ጋሪ ልጄን ይዤ ከገበያው ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ላይ ወጣሁ። ጋሪው ሮዝ ነው፤ ጥላ አለው፤ የጡጦ ማስቀመጫ አለው፤ ሲጫኑት የሚዘፍን ቁልፍ ሁሉ አለው። የሌለው ነገር ጎማ ነው። ጎማ ተብሎ የተገጠመለት አንድ ብርቱካን የማያህል ፕላስቲክ ነበር። ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ የፊተኛው በሁለት ድንጋይ መሃል ተቀረቀረ። ስገፋው ተሰበረ። ልጄ ሀዋኒ ወደፊት ተደፋች፤ ቀበቶው ባይዛት ኖሮ ግንባሯ ተፈንክቶ ነበር።

እዚያው አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ታለቅሳለች፤ ባዳሳ አጋርፋ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ሊጠግን ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም።

«እህቴ፣ ለምን አታዝያትም?» አለችኝ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት።

ምን ብዬ ላስረዳት? ሀዋኒን ከወለድኩ ወዲህ ወገቤ የእኔ አይደለም። ሐኪሙ ዲስክ ነው አለኝ፤ «ልጅ ማዘል የሚባለውን ነገር እርሺው» ብሎ አሰናበተኝ። እዚህ አገር ልጅ የማታዝል እናት ከቤት የማትወጣ እናት ናት። በዚያ ላይ ሁለተኛውን አርግዤ ነበር። ይህንን ሁሉ ለማላውቃት ሴት መንገር አቃተኝና «ደክሞኝ ነው» አልኳት።

ባዳሳ ሲመጣ የተሰበረውን ጎማ በጣቶቹ አሽከረከረው።

«ኩሽኔታ እንኳን የለውም፤ በምን ይዞራል?» አለ፣ እኔ የገዛሁት ይመስል።

ከዚህ ሰው ጋር የተዋወቅነው ከአራት ዓመት በፊት፣ ከጎባ ወደ ሮቤ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እኔ ያሳደገችኝን አክስቴን ጠይቄ ስመለስ፣ እሱ ደግሞ ቱታውን እንደለበሰ ቺንጋ የሚሉትን ግሪስ የጠገበ የኮምባይነር ቀበቶ ታቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሮቤ ሳንደርስ ነጭ ጉርድ ቀሚሴ ጠቆረ። ደንግጦ በእጁ ጠረገልኝ፤ እጁ ከቺንጋው ይብስ ነበር። ልጮህበት ቀና ስል ዓይኖቹን አየሁ። እንደዚያ ያፈረ ሰው አይቼ አላውቅም። መጮሁን ተውኩት።

በማግስቱ እኔ የምሠራበት መዝገብ ቤት አዲስ ቀሚስ ይዞ መጣ። እንደ እኔ ያለ ሁለት ሰው ይይዛል።

«በዓይኔ ነው የለካሁሽ» አለ።

«ዓይንህን ታከም» አልኩት፤ ሳቀ፤ ሳቅሁ። አክስቴ «መካኒክ ነው፣ በዓመት ሰባት ወር ገጠር ለገጠር የሚዞር ነው» ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ከለከለችኝ። እኔ ግን ቁርጤን አውቄ ነበር። ልጃችን ስትወለድ ስሟን ያወጣው እሱ ነው። «የአንቺው ስም ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሲሆን» አለኝ። ስሜ ምኞት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ አንጀቴን የሚያሳርረው።

ጋሪው የተሰበረ ሰሞን እናቱ አዴ ሲምቦ ከጎሮ ደወሉ። የተሰበረውን ጋሪ ነገር ሰምተው ኖሯል።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ለምን ትለፊያለሽ? የሁለተኛው መምጫ ሲደርስ ትልቋ አያቷ ቤት ትገባለች። ሁሌም እንዲሁ ነው። እኔ እወስዳታለሁ፤ ወተት አለ፣ እንቁላል አለ፣ የምትሮጥበት ሜዳ አለ።»

እውነታቸውን ነው፤ የተለመደ ነው። የመጀመሪያ ልጅ አያት ዘንድ ይሄዳል፤ ለአንድ ክረምት ተብሎ ይሄድና ትምህርት ቤት እስኪገባ ይቀራል። እኔ ግን ሀዋኒን ለአንድ ክረምትም አልሰጥም። ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው የእኔን ፊት ነው፤ ይህንን ለማንም አልለቅም።

«እናመሰግናለን አዴ፣ ጋሪ እንገዛለን» አልኳቸው።

«ገና ላልተወለደ ሕፃን ጋሪ? ደግ አይደለም፤ ይቅርብሽ» አሉ።

ባዳሳ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። የተሰበረውን ጎማ መልሶ አነሣው።

መጋቢት ላይ ጭቃው ሲጀምር ቀመር ሱቅ ሄድን። ቀመር ከፍራሽ ጀምሮ የማይሸጠው የለም፤ ሁለት የሕፃን ጋሪ አስመጥቶ ነበር። አንዱ ባለ ሦስት እግር፣ አየር የሚሞላ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ ታጥፎ ባጃጅ ውስጥ የሚገባ። ግን የአንድ ልጅ ነው። ሌላው ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን ያለው ነው።

ባዳሳ ደስ አለው። ጎማ ያለው ነገር ሲያይ ሁሌም እንዲሁ ነው። ከሚቀጥለው ሱቅ ሃያ አምስት ኪሎ ስንዴ ተበድሮ ባለ ሁለቱ ላይ ጫነና መንገዱን ሦስት ጊዜ አመላለሰው። ሰው ቆሞ ያያል። ጎንበስ ብሎ ሥሩን ነካካ፤ ፍሬኑን ረገጠ።

«ባዴ፣ ልጅ እኮ ስንዴ አይደለም» አልኩት።

«ክብደት ክብደት ነው።»

«ወላሂ ይህ ለሁለት ልጅ ነው የተሠራው» አለ ቀመር። «ካልተስማማችሁ በአንዱ እቀይርላችኋለሁ፤ አታስቡ።»

«የአንድ ልጅ ጋሪ ምን ያደርግልናል?» አለ ባዳሳ። እኔም እውነት መሰለኝ። ሁለት ልጅ፣ ሁለት መቀመጫ። ሌላ ስሌት አልታየኝም።

ቤት ስንደርስ በግቢያችን በር አልገባም። አራት ጣት ቀረው። የጎማውን ዙሪያ፣ የፍሬኑን ጥንካሬ፣ የብረቱን ውፍረት የመረመረው መካኒክ የራሱን በር ስፋት አልለካም። ብረቱ አይታጠፍ፤ ባጃጅ ነጂው አይቶት ሳቀና ሄደ። በጎረቤት ግቢ አሾልከን በአጥር ላይ ለአራት አሻገርነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ግቢ ውስጥ ተገትሮ ዶሮዎች አደሩበት። እኔም ግቢ ውስጥ ተገትሬ ቀረሁ። ሥራ ስሄድ የጎረቤት ልጅ እየለመንኩ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየቀረሁ፣ እርግዝናዬ ስድስተኛ ወሩን ገባ። ወገቤ ይጮሃል፤ እኔም እጮሃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ አዴ ሲምቦ ደወሉ።

«ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። የልጅቷን ልብስ አዘጋጂልኝ፤ ወፍራሙን ሹራብ እንዳትረሺ።»

«የምን ልብስ አዴ?»

«ባዳሳ አልነገረሽም?» አሉ ቀስ ብለው።

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። ባዳሳ ግቢው በር ላይ ተንበርክኮ የበሩን ብረት በመጋዝ ይቆርጣል፤ ጋሪው እንዲገባ በሩን እያሰፋ ነው። የብረት ብናኝ ፀጉሩ ላይ ሰፍሯል።

«ልጄን ሰጥተሃል?»

መጋዙ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ምኞቴ፣ ጋሪው ካልሆነ ብዬ እኮ ነው። በሐምሌ የበልጉ አጨዳ ነው፤ እኔ ሜዳ ነኝ፤ አንቺ ወልደሽ፣ ወገብሽ ታሞ... እኔ ሥራዬም እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ መለዋወጫ ይዤ ነው የምወጣው።»

«እኔ መለዋወጫ ልጅ የለኝም!»

እንባዬ መጣ፤ ንዴቱ ግን ከእንባው በለጠ። «ልጄን የምትልካት ከሆነ ለማን ነው ይህንን በር የምትቆርጠው? ሦስት ወር ሙሉ ጎማ ጎማ ስትል ከረምክ። ሰንብተህ ሰንብተህ ለእናትህ ‹ውሰጃት› አልክ። ለእኔ ግን አንድ ቃል!»

«እንዳታዝኚ ብዬ...»

«አሁን ደስ ብሎኛል?»

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። እራት አቀርባለሁ፤ ይበላል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ አልመልስም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሀዋኒ ጉልበቱ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያያት አየሁት። ምን እንደሚያስብ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አዴ ሲምቦ ገቡ። ቅቤ ይዘዋል፤ ማር ይዘዋል፤ ክንዳቸው ላይ አዲስ የተሠራ አንቀልባ አንጠልጥለዋል፤ ሀዋኒን አዝለው ሊሄዱ። ተሳሳምን። ልብስ አላዘጋጀሁም። ሀዋኒ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች።

ባዳሳ ከጓሮ መጣ። እናቱን ሳመ። ከዚያ ሀዋኒ የተደበቀችበትን ቦታ አየና ቆመ።

«እኔም እንዲህ ነበር የምደበቀው» አለ።

«ማን?» አሉ እናቱ።

«እኔ። ታናሼ ሲወለድ አያቴ ዘንድ የላክሽኝ ጊዜ። በገበያ ቀን ልታይኝ ስትመጪ ከአያቴ ቀሚስ ኋላ እገባ ነበር። እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ እናቴ አያቴ ነበረች። አንቺ ከረሜላ የምታመጪ ሴት ነበርሽ።»

ከተዋወቅን አራት ዓመት ሙሉ ይህንን ነግሮኝ አያውቅም። አዴ ሲምቦ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ልጅ በዛብኝ፣ ምን ላድርግ...»

«አልወቀስኩሽም እማዬ። ግን ሀዋኒ አትሄድም። ‹ነይ› ብዬ የጠራሁሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የአንቺን ልጅ አንቺን ሳልጠይቅ ሰጠሁ። ይቅር በይኝ።»

አንቀልባውን ከእናቱ ክንድ ላይ ወሰደ። እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም፤ ገለበጠው፤ እንደገና አገላበጠው። ሀዋኒን አንስቶ ጀርባው ላይ ሊያስቀምጣት ሞከረ፤ ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

«ምን ልትሆን ነው? ወንድ ልጅ ያዝላል?» አሉ እናቱ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ኮምባይነሩ ሲቆምበት የሚደውለው ለእኔው ነው፤ ምን ይለኛል?»

ማሰሪያው ትከሻው ላይ አልያዘ አለ፤ ሀዋኒ ወደ ጎን ተንሸራተተች። አዴ ሲምቦ አላስቻላቸውም። «ተው፣ ልጅቷን ልትጥላት ነው!» ብለው ተነሡ፤ ጎንበስ በል አሉት፤ ጠፍሩን በብብቱ ሥር አሳልፈው፣ ጎትተው፣ ደረቱ ላይ አሠሩለት። ባዳሳ ቀና ሲል ልጄ ማጅራቱ ላይ ጉንጯን አስደግፋ ተቀምጣለች።

«እንሂድ» አለኝ። «ባለ ሁለቱን ለቀመር እንመልሰውና ባለ ሦስት እግሩን እንውሰድ። የሚወለደው በጋሪው፣ ትልቋ በእኔ ጀርባ። ከእንግዲህ በቀን ደርሼ የምመለስበት እርሻ ካልሆነ አልሄድም፤ ለጓደኞቼም ነግሬያቸዋለሁ።»

«መቼ ነገርካቸው?»

«ትናንት። ላንቺ ልነግርሽ ነበር፤ አታናግሪኝም።»

በተቆረጠው በር አልፈን በአስፋልቱ ዳር ወጣን። ባዳሳ ባዶውን ትልቅ ጋሪ ይገፋል፤ ሀዋኒ ጀርባው ላይ፤ አዴ ሲምቦና እኔ ከኋላ። ሮቤ ቆማ አየችን። የባጃጅ ነጂዎች አፏጩ። ጋራዡ ጋ ስንደርስ ጓደኞቹ ወጥተው «ባዳሳ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ!» እያሉ አሾፉበት። ፊቱ ቀላ፤ አንገቱን ግን አልደፋም። ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሲያፍር ያየሁት ሰው ነው። አሁን እያፈረም ይራመዳል። ወደድኩት። ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ወደድኩት፤ አንጀቴን ካሳረረኝ ከሦስት ወር በኋላ ወደድኩት።

«ይከብድሃል?» አልኩት ጠጋ ብዬ።

«ከበደችኝ» አለ። «አንቺ ዘጠኝ ወር እንዴት ቻልሻት?»

እጄን ክንዱ ላይ አደረግሁ። እስከ ቀመር ሱቅ አላነሳሁትም። ቀመር በቃሉ ተገኘ፤ ጋሪውን ቀየረልን። አዲሱ በአንድ ጣት ይገፋል።

አዴ ሲምቦን ለመሸኘት መናኸሪያ ሄድን። የጎሮው መኪና ሊነሣ ነው። ባዶ እጃቸውን አጣምረው ቆመው አየኋቸው። እኚህ ሴትም ልጅ ሊወስዱ የመጡት ቤቱ ጭር ብሎባቸው መሆኑ ያኔ ገባኝ።

«አዴ፣ ሐምሌ ላይ እኔን ማን ያርሰኛል? አክስቴ አርጅታለች። እርስዎ ይምጡ፤ ከእኛ ጋር ይክረሙ።»

«ላሜስ?»

«ላሟን ጎረቤት ያልባታል።»

መሬት መሬት አዩ። «ይህ ልጅ አፉን ሲፈታ አላየሁም» አሉ ባዳሳን በአገጫቸው እያሳዩኝ። «ጥርሱ ሲነቀልም አላየሁም። ሰው ነው የነገረኝ።» ረዳቱ «እናት፣ ይግቡ!» ብሎ ጮኸ። «እመጣለሁ» አሉኝ። «ሐምሌ ሳይገባ እመጣለሁ።»

ባዳሳ ሀዋኒን አያቷ እንዲስሟት ጎንበስ አለላቸው። አዴ ሲምቦ ግን መጀመሪያ የሳሙት እሱን ነበር።