የሲስተር የሺ አርባ ዋዜማ

የሞተ ሰው ታየ፣ ድምፅ ተሰማ የሚሉኝን ሁሉ «ሆዳችሁ ባዶ ሆኖ ነው» እያልኩ ስስቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ዛሬም ሌላ ሰው ይህን ቢነግረኝ እስቅበታለሁ። የዚያን ቀን ግን ባዶ ሆድ ይዤ የሄድኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስለካ የኖርኩ ልብስ ሰፊ፣ እስከ አርባ መቁጠር አቅቶኝ ለሲስተር የሺ ተዝካር አንድ ቀን ቀድሜ ተገኘሁ፣ ያውም በጠዋት የስኳር መርፌዬን ተወግቼ፣ ለድግሱ ቦታ ይኑረው ብዬ ቁርሴን ትቼ!

ሲስተር የሺ ነርስ ነበረች። ሶማሌ ተራ ካለችው ሱቄ በር ላይ ቆማ «ጋሼ መኩሪያ፣ ተወጉ? ቀምሰዋል?» ሳትለኝ ወደ ሥራዋ አታልፍም። ስኳሩ እሷንም ከልጅነቷ ጀምሮ ይዟታል፣ ከግራ እግሯ ሁለት ጣት አስቆርጧታል፣ ያንን እግር እየጎተተች ነው ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ የምታድረው። ሲነጋ ቤቷ ገብታ የራሷን ጭን ትወጋና ወዲያው የልጇን የትዕግስትን ጸጉር ትጎነጉናለች። ባል አልነበራትም፣ ልጅቷ ግን አንድም ቀን ሳትበጠር ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም። ታማ ከመተኛቷ በፊት አንድ ጭንቀት ብቻ ነበራት፦ «ጋሼ፣ የትዕግስት ውኃ አጠጣጥ አላማረኝም፣ ተመርመሪ ስላት ትስቅብኛለች።» እናትየው አረፈች፣ ልጅቷ አልተመረመረችም።

እና ስድስት ሰዓት ገደማ ከመሳለሚያ ወረድ ብሎ ወዳለው ግቢያቸው ገባሁ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሰው ግን የለም፣ የቤቱም በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ቄሶቹ ከራጉኤል እስኪመጡ ነው ብዬ፣ ለመብላት ሁልጊዜ አንደኛ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥቂት እንደቆየሁ ላብ አጠመቀኝ፣ የድንኳኑ ሙቀት ነው አልኩ። ከውጭ የተሸካሚው ጩኸት፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ራቀ።

ያኔ ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ጥፍር ብርጭቆ ሲመታ ሰማሁ። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ሲስተር መድኃኒት ስትቀዳ አየሩን የምታስወጣው እንደዚያ ነበር። ቀጥሎ የነጠላ ጫማ ኮቴ መጣ፣ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። አይጥ ነው አልኩ፣ ግን ነጠላ ጫማ ያደረገ አይጥ መርካቶም ቢሆን አላየሁም። የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን ነካው። ዘወር ስል አግዳሚው ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጧል፣ ይጨሳል፣ ስኳሩ ሳይሟሟ ከታች ተኝቷል።

«ይጠጡት፣» አለኝ ከጀርባዬ ድምጿ።

ጠጣሁ፣ ምን ላድርግ! ዞሬ ለማየት ግን አንገቴ እምቢ አለኝ። ነፍሴ መለስ ስትል ያ ድምፅ፣ ክሊኒክ በር ላይ ወረፋ ስትጠራ እንደምታደርገው፣ ጮክ ብሎ «ቀጣይ!» አለ።

በዚያችው ቅጽበት የግቢው በር ተከፈተና ትዕግስት ገባች። ከኋላዋ ጎረቤታቸው እትዬ ዘሀራ ሽንኩርት ተሸክማለች።

«ጋሼ፣ በደህና ነው?»

«ለአርባው መጥቼ ነዋ!»

እትዬ ዘሀራ ሽንኩርቱን ጥላ ሳቀች። «አርባው ነገ ነው! ሆድዎ ነው እንዴ የቆጠረልዎ?»

«ሳቂ፣ እኔ እንደሆነ ሻዬን ጠጥቻለሁ፣» ብዬ ብርጭቆውን አሳየኋት።

ትዕግስት ብርጭቆውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። «ይሄ የእማዬ ነው። ከሞተች ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።» በአንገቷ ካሰረችው ክር ቁልፎቹን አወጣች፣ በሩን ከፈተች፣ ተከትለናት ገባን። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። ቁም ሳጥኑም እንደተቆለፈ ነው። ስትከፍተው ከስድስቱ ብርጭቆ አምስቱ ብቻ ነበሩ።

እትዬ ዘሀራ «ቢስሚላህ» ብላ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሳቋ ጠፋ። ትዕግስት ደግሞ ከጀሪካኑ ቀድታ አንድ ጣሳ ውኃ ጨለጠች፣ ደገመች፣ ሦስተኛውን ቀዳች። ጣሳውን እንደያዘች ዓይኗን ተከለችብኝ።

«ጋሼ፣ አናገረችዎት አይደል? ምን አለች?»

«ይጠጡት አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ ልጄ።»

አለቀሰች፣ ግን የደስታም ነበረበት፣ እናቷ ሻይ ብቻ አፍልታ የሄደች መስሏት። ያንን ፊት እንዴት ላጥፋው? በነጋታው በተዝካሩ ላይ ተመርመሪ አልኳት፣ «ክረምቱ ይውጣና» አለችኝ። ክረምቱ ወጣ። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጥብቤላታለሁ፣ አሁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ይዛው መጥታለች።

የመርካቶን ነጋዴ ግማሹን በአፌ የማስለቅስ ሽማግሌ ነኝ፣ ለዚህች ልጅ ግን «ቀጣይ» የምትል አንዲት የእናቷ ቃል አለብኝ፣ እስካሁን አልሰጠኋትም። በሱቄ በር ባለፈች ቁጥር ልነግራት አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ «ዛሬ ደግሞ ፀሐዩ በረታ» ብዬ እዘጋዋለሁ።