ተራው የማን ነው?

መርሳ ላይ የረሂማ ልብስ ስፌት ቤትና የኡበይደላ እንጨት ሥራ ቤት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳና አንድ ቆጣሪ ይጋራሉ። ሁለቱ ማሽኖች አብረው ከተነሱ መብራቱ ድርግም ይላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው ይጠራራሉ።

«ረሂማ፣ ተራው የማን ነው?»

«ያንተ። ግን ቶሎ በል!»

እንዲህ ሲጠራሩ ተላመዱ። ድምፁን ሳትሰማ በዋለች ቀን እጇ ሥራ እምቢ ይላታል። እሱ ግን ስለ ጣውላ እንጂ ስለ ልቡ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አንድ ማለዳ አባቷ ሐጂ ኑርሁሴን ለኡበይደላ ሥራ አመጡለት፤ በሳሎናቸው በርና መስኮት ዙሪያ የሚገጠም፣ ጠርዙ በማሽን የተቀረጸ የዋንዛ ጌጥ።

«ረሂማን ሊጠይቁ ከወልድያ ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው። ቤቴ ሲያምር ኑ እላቸዋለሁ» አሉት።

«እሺ፣ ሐጂ» አለ ኡበይደላ። ወዲያው ዋንዛ መምረጥ ጀመረ።

ረሂማ በግድግዳው በኩል ሁሉንም ሰማች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ልብ ግን በእሱ ዝምታ ነቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ተራ መስጠት ተወች።

«ረሂማ፣ ተራው የማን ነው?»

«የኔ!»

ከዙሁር ሶላት በኋላም የእሷ፣ በማግስቱም የእሷ ሆነ። ዋንዛው ተልጎና ተለክቶ፣ ጠርዙ ሳይቀረጽ ቁጭ አለ።

ኡበይደላ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ሰጋቱራውን ከፀጉሩ ሳያራግፍ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ።

«ምን ብትሰፊ ነው የማያልቀው? አባትሽ እኮ እኔን ነው የሚቆጡኝ!»

«ልብስ ነዋ!» አለች ቀና ሳትል።

ጠጋ ብሎ አየ። ጨርቁ በመርፌው ሥር ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ መርፌው ላይ ግን ክር የለም።

«ጌጡ ካላለቀ አይመጡማ» አለች። ዐይኗ እንባ ሞልቷል።

«እኔኮ ዝም ያልኩት… ካንድ ማሽን በቀር የሌለኝ ሰው ሽማግሌ ልኬ አባትሽ ቢመልሱኝ፣ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ ብዬ ነው።»

«አንተ ባስጌጥከው በር ሌላ ሰው ሲገባ ግን ማየት ትችላለህ?»

ኡበይደላ ሰጋቱራውን ከፀጉሩ አራገፈ። ፈገግም አለ። «በይ እስከ ጁምዓ ተራው ያንቺ ነው። ክር ግን አስገቢ።»

ጁምዓ ከሶላት መልስ የኡበይደላ አጎት ሼህ ዓሪፍ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከግራና ከተማ ሐጂ ቤት መጡ። ሐጂ ኑርሁሴን ጌጥ ያልለበሰውን በር እያዩ አፈሩ።

«ቤቴ ገና አላለቀም» አሉ።

«የሚጨርሰው ልጅ የእኛ ነው» አሉ ሼህ ዓሪፍ። «የእርስዎም ልጅ ያድርጉት ብለን መጣን።»

ሐጂ አቀርቅረው አሰቡ። ለወልድያዎቹ ቃል አልሰጡም፤ ልጁንም በጨዋነቱ ይወዱታል። ረሂማን አስጠሩና ጠየቋት። በአገሩ ደንብ ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። ሽማግሌዎቹም ዝምታዋን ሊሰሙ አቀረቀሩ።

«አባባ፣ ዝምታዬን አይጠብቁ» አለች ረሂማ። «እሺ ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ሐጂም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ተንኳኳ።

«ረሂማ፣ ተራው የማን ነው?»

«ያንተ» አለች። «የአባባን በር ጨርስ።»

የእሱ ማሽን ሲጮህ፣ እሷ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባች።